ከወይዘሮ ዎልደን ምድር ቤት ያልወጣችው

ዴል ሃስኪን ለፖሊስ የሰጠው ቃል ይህ ነበር፦

«አርብ ልክ አሥር ሰዓት ላይ ሽያጩን ዘጋሁ። ፎቁን፣ ሳሎኑን፣ ወጥ ቤቱን አየሁ። ምድር ቤትም ወርጄ መብራት አብርቼ ጥጋጥጉን ተመለከትኩ። ማንም አልነበረም። መብራቱን አጠፋሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ሄድኩ።»

ኔዲን ፕራት የሰጠችው ደግሞ ይህ፦

«ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ መኪናዬን ከበሩ ፊት ለፊት አቁሜ ተቀምጬ ነበር። የጓሮው በር በቁም ሣጥን ተዘግቷል፤ መውጫው አንድ ብቻ ነው። ዓይኔን ከበሩ አልነቀልኩም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅኋት። አርዲስ አልወጣችም።»

መርማሪ ሎይስ ታገርት ሁለቱን ወረቀቶች በምግብ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው። ጠረጴዛው ራሱ ለሽያጭ የቀረበ ስለሆነ ጠርዙ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበታል። ሁለቱ ቃሎች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። የስልሳ ሰባት ዓመቷ አርዲስ ሆልም ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ ሞታ ተገኝታለች። ሐኪሙ ደግሞ የሞተችው ትናንት ከአሥር ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፣ የኋላ ጭንቅላቷ ወለሉን መትቶ ወዲያው ነው ብሏል።

ቤቱ የወይዘሮ ኤልፍሪዳ ዎልደን ነበር። እሷ በመጋቢት ካረፈች ወዲህ ልጆቿ ሩቅ ስለሚኖሩ ዕቃውን እንዲሸጥላቸው ለዴል ሰጡት። የዴል ሥራ ይኸው ነው፤ የሟች ቤት ከፍቶ፣ ከማንኪያ እስከ አልጋ ዋጋ ለጥፎ፣ በሁለት ቀን ባዶ ማድረግ። አርብ በሙሉ ዋጋ፣ ቅዳሜ በግማሽ።

ሎይስ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ደረጃዎቹ አሥራ ሦስት ናቸው፤ ጠባብና ቀጥ ያሉ። በአንድ በኩል የእንጨት መደገፊያ አላቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ፖሊሶቹ የተከሉት ትልቅ ባትሪ ግን አሁንም ወለሉን ያበራል። ከደረጃው ግርጌ፣ ከራስ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንድ አሮጌ አምፖል ተንጠልጥሏል። ላይ ያለው ማብሪያ ተጭኗል፤ አምፖሉ ግን አልበራም። ሎይስ ጓንቷን እንዳደረገች በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ወደ ቀኝ አዞረችው። ግማሽ ዙር ሳይሞላ በራ።

አልተቃጠለም። ላልቶ ነበር።

በብርሃኑ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች አየችው። የቢጫ ጎድጓዳ ሳህን ስባሪ ከሰባተኛው ደረጃ ጀምሮ እስከ ወለሉ ተበትኗል። ከሰባተኛው በላይ አንድም የለም። ትልቁን ስባሪ አንሥታ ገለበጠችው። ከሥሩ የተለጠፈ ያረጀ ፕላስተር አለ፤ የዚህ አገር ሴቶች ለቤተ ክርስቲያን ማዕድ ምግብ ሲያዋጡ ሳህናቸው ከሰው ሳህን እንዳይለወጥ ስማቸውን ጽፈው የሚለጥፉት ዓይነት። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ሆኖም ይነበባል፦ ሲግሪድ ቱፍት።

ከወለሉ ጥግ የማርማላታ ጠርሙሶች የሚቀመጡባት ጠባብ ጓዳ አለች። ከጠርሙሶቹ ኋላ፣ በመደርደሪያው ወፍራም አቧራ ላይ፣ ማኅተም የመሰለ ክብ ምልክት ታትሟል። ሎይስ ስባሪውን አስጠግታ ለካችው፤ ልኩ ነው። ከመደርደሪያው በላይ ከሣሩ እኩል የሆነች ትንሽ መስኮት አለች። መስተዋቷ በሸረሪት ድርና በአፈር ደፍርሷል፤ መካከሏ ላይ ግን የመዳፍ ያህል ቦታ ተጠርጓል። በዚያች ክብ በኩል የጠዋት ብርሃን እንደ ሳንቲም መደርደሪያው ላይ አርፏል።

ሎይስ ከዚያ ወጥታ የአርዲስን ልብስ ዝርዝር እንደገና አየች። የቀኝ እጅጌዋ በጥቁር አቧራ ቆሽሿል። በኮቷ ኪስ የዋጋ ወረቀት ተገኝቷል፤ 140 ዶላር ይላል። ቦርሳና ስልክ የላትም፤ ዴል ትልልቅ ቦርሳ ስለማያስገባ ሁለቱንም በኔዲን መኪና ትታ ነበር የገባችው።

ዴል ወጥ ቤት ውስጥ ዋጋ የተለጠፈበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሻሸ ነበር።

«ጠዋት እንዴት አገኘሃት?» አለችው።

«ወንበር ላመጣ ሄድኩ። የምድር ቤቱን በር ከፈትኩ፣ ባትሪዬን አበራሁ፣ እግሯ ታየኝ።»

«ባትሪው ከየት መጣ?»

«ከመኪናዬ ነዋ።»

«በሩን ሳትከፍት በፊት?»

«አዎ፣ በፊት።»

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ መብራቱ በርቶልህ ከነበረ፣ ዛሬ ለምን ከመኪና ባትሪ ፍለጋ ሄድክ?»

የዴል ፊት ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ።

«ሎይስ፣ ይህን ብናገር ከተማው ይሰቅለኛል።»

«ከተማው አሁንም እያማህ ነው። ተናገር።»

«አልወረድኩም። ማብሪያውን ተጫንኩ፣ አልበራም። ከላይ ሆኜ ‹ልንዘጋ ነው፣ ሰው አለ?› ብዬ ጮህኩ። መልስ የለም። ደክሞኝ ነበር። በሩን ገጠም አድርጌ ሄድኩ።» ዓይኑን ሸፈነ። «ብወርድ ኖሮ...»

«ብትወርድም ሞታ ነበር። ሐኪሙ ያለው ነው፣ እኔ አይደለሁም። ግን ዋሽተሃል። ኔዲን መጥታ አንኳኩታ ነበር?»

«አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ። ‹ምድር ቤቱን ሳይቀር አይቻለሁ፣ ማንም የለም፣ ከሌላ ሰው ጋር ሄዳ ይሆናል› አልኳት።»

«ለምን ከሌላ ሰው ጋር?»

«ተጣልተው ነበራ! እኩለ ቀን ላይ፣ እዚሁ ወጥ ቤት። አርዲስ ‹ምን ደበቅሽ?› ትላታለች፤ ኔዲን ‹ምንም› ትላለች። መጨረሻ ላይ አርዲስ ‹እንግዲህ ካንቺ ጋር አንድ መኪና ውስጥ አልገባም› ብላ ትታት ሄደች። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሲመጡ አይቻለሁ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም።»

«ቢጫውን ሳህን የጠየቀህ ነበር?»

«ሦስት ሰው። የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ሮይ ሰማንያ ልስጥህ አለኝ። አንዲት የማላውቃት ሴት ነበረች። ኔዲንም ትንሽ ቀንስልኝ አለች። ያ ቀለም አሁን ተፈላጊ ነው፤ አርብ ከማንም ጋር አልከራከርም፣ ነገ በግማሽ ኑ አልኳቸው።»

ውጭ ሣሩ ላይ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አሁንም ተሰልፈዋል። የፖሊስ ገመድ ቢዘረጋም አንዳቸውም አልሄዱም፤ በማለዳ መጥተው ስማቸውን አስመዝግበው የተቀበሉትን የተራ ቁጥር እንደያዙ ናቸው።

«እህት፣ ሽያጩ ተሰርዟል ወይስ ዘግይቷል?» አለ አንዱ። «ተራዬ ስምንት ነው።»

«ሰው ሞቷል።»

«አውቃለሁ፣ ነፍስ ይማር። ቁጥሩ ግን ለሳምንት ያገለግላል?»

ከሰልፉ ፊት የቆመው ሮይ ስታንቤክ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ያለው፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ሰው። ተራ ቁጥር አንድን ከእሱ የነጠቀው ሰው የለም፤ ከሽያጩ በፊት ያለውን ሌሊት ጭነት መኪናው ውስጥ ያድራል።

«ልትይዢኝ ከመጣሽ ተራዬን ለማንም አትስጪብኝ» አላት።

«ዕቃ ትደብቃለህ ይሉሃል።»

«ይላሉ? እኔው ራሴ እላለሁ! አርብ ከሶፋ ሥር እከታለሁ፣ ቅዳሜ በግማሽ አወጣለሁ። ኃጢአት ነው፤ አርዲስ በየሳምንቱ ፊት ለፊት ትነግረኝ ነበር። ‹ሮይ፣ አንተ ሌባ› ትለኛለች፣ ቀጥላ ደግሞ ከእንቁላል ሳንድዊቿ ቆርሳ ትሰጠኛለች።»

«ትናንት ምድር ቤት ወርደህ ነበር?»

«ጠዋት እንደተከፈተ። መብራት ነበር፤ ከቀለም ቆርቆሮ በቀር የረባ ነገር አላየሁም። ሰባት ሰዓት ላይ እንደገና ልወርድ ስል ድቅድቅ ጨለማ። ጉልበቴ ለጨለማ ደረጃ አይሆንም፣ ተመለስኩ።»

«ዕቃ ደብቆ መብራት ማጥፋት ያንተ ብልሃት ነው አሉ።»

«አምፖሉ የት ተገኘ?»

«ቦታው ላይ። ላልቶ።»

ሮይ ሳቀ። «እንግዲያው ነፃ ነኝ! ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው አምፖሉን ኪሱ ይከተዋል። አላልተሽ ከተውሽው ማንም መጥቶ ጠበቅ ያደርገዋል። ያን ያደረገ ጀማሪ ነው፤ ወይም...» ሳቁ ቆመ። «ወይም ከሰው ቤት አምፖል ይዞ መውጣት የሚያሳፍረው ሰው።»

ሮይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ወረቀቱ ኪሷ ተገኘ እየተባለ ነው። እዚህ የዋጋውን ወረቀት የገነጠለ፣ ዕቃውን የኔ ነው አለ ማለት ነው። አሁን ሰልፉ ሁሉ ደባቂዋ አርዲስ ነበረች ይላል። እኔ አላምንም። ግን ምን ልበላቸው? እኔን ማን ይሰማል?»

እሑድ ጠዋት ሎይስ ወደ ኔዲን ቤት ሄደች። ኔዲን የስልሳ አምስት ዓመት ትንሽ ሴት ናት። ባሏ ታሞ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ምድጃው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ከአንድ ክፍል በቀር ማሞቂያው አልበራም። ኔዲን ሻይ ቀዳችላት፤ በግራ እጇ።

«ግራኝ ነሽ?»

«አይ፤ ቀኙን ምድጃ ትንሽ ፈጅቶኝ ነው።»

ሎይስ ጎንበስ ብላ አየች። አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣ ጫፋቸው ላይ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ውኃ የቋጠሩ ቁስሎች። ምድጃ እንዲህ አይፈጅም።

«ስለ አርዲስ ንገሪኝ» አለች።

«ምኑን ልንገርሽ? አርብ ሲነጋ መጥታ በሬን ትደበድባለች፤ ጎረቤት ይሰድበናል። በእኔ መኪና ሄደን ስማችንን እናስመዘግባለን፣ መኪና ውስጥ ቁርሳችንን እንበላለን። በሩ ሲከፈት እሷ ወደ አልጋ ልብስ፣ እኔ ወደ ወጥ ቤት። የሰው አሮጌ ማንኪያ ይዘን እንደ ሕፃን ስንስቅ ነበር የምንውለው። አንድ ደንብ ነበራት፤ አትደብቂ። ‹የሞተ ሰው ቤት ገብተሽ አታጭበርብሪ› ትላለች። ጎድጓዳ ሳህን ካየች ሳትገለብጥ አታልፍም።»

«ለምን ትገለብጣለች?»

ኔዲን ወደ መስኮቱ ዞረች። «ልማድ ነው።»

«ሜሪት ደውላልሻለች?»

ሜሪት የአርዲስ አንዲት ልጅ ናት።

«‹ገፍትረሽ ገደልሻት› አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ አክስቴ ስትለኝ የኖረች፣ ‹ወይዘሮ ፕራት፣ ማክሰኞ ቀብሯ ላይ እንዳላይሽ› አለችኝ። ሎይስ፣ ሌላ ምንም አልለምንሽም። ላስርሽ ካልሽም እሰሪኝ። ግን ማክሰኞ እዚያ ልቁም። ከሩቅም ይሁን። ያን ብቻ አድርጊልኝ።»

«እውነቱን ካወቅኩ የማደርገው ነገር ይኖር ይሆናል» አለች ሎይስ፤ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

ከሰዓት በኋላ አምስቱ በወይዘሮ ዎልደን ሳሎን ተገናኙ። ሮይ ምድጃው አጠገብ ቆመ። ዴል ከበሩ ሥር ተቀመጠ። ሜሪት ጥቁር ሹራብ ለብሳ መስኮቱ ዘንድ፣ ኔዲን ደግሞ ከእሷ በጣም ርቃ፣ የዋጋ ወረቀቱ በእጀታው ላይ የተንጠለጠለ ሶፋ ጫፍ ላይ። ሎይስ ትልቁን ቢጫ ስባሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሜሪት፣ ሲግሪድ ቱፍት ማን ናት?»

ሜሪት ስባሪውን አየችው፤ ፊቷ ተለወጠ። «አያቴ! የእናቴ እናት። ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ሳህኑ እንዴት ጠፋባችሁ?»

«እናቴ ልጅ ሳለች የሆነ ሰው ቀብር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት። አያቴ የድንች ሰላጣ ሠርታበት ወስዳ ባዶ እጇን ተመለሰች። በዚያው ክረምት ሞተች። እናቴ ሌላ የእሷ የሆነ ነገር አልቀረላትም፤ ስለዚህ በሄደችበት ሁሉ ሳህን እየገለበጠች...» መጨረስ አቃታት።

«ወይዘሮ ዎልደን በስህተት ይዛው መጥታ ይሆናል» አለች ሎይስ። «ስሙን ስታይ ደግሞ ቀኑ አልፎ መመለሱ ሳያሳፍራት አልቀረም። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። እናትሽን ማንም አልገፈተራትም።»

ሜሪት ወደ ኔዲን ተመለከተች። «በምን ታውቂያለሽ?»

«በስባሪው። ከላይ ተገፍትራ ቢሆን ስባሪው ከላይኛው ደረጃ ይጀምር ነበር። የጀመረው ከሰባተኛው ነው። የተመታችውም የኋላ ጭንቅላቷን ነው። ይህ ማለት ወደ ላይ እየወጣች፣ ፊቷ ወደ በሩ ሆኖ፣ መካከል ላይ እግሯ ስቶ ወደ ኋላ ወደቀች። አጠገቧ ማንም አልነበረም።»

«ታዲያ መደገፊያውን ለምን አልያዘችም?» አለ ዴል።

«ቆይ፣ እደርስበታለሁ። መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ዴል ወርጄ አብርቻለሁ ያለው ውሸት ነው፤ ራሱ አምኗል። አምፖሉ አልተቃጠለም፤ ሰው አላልቶታል። ጠዋት ሮይ ሲወርድ ይበራ ነበር፤ ሰባት ሰዓት ላይ ጨለማ ነበር። በዚያ መካከል አንድ ሰው ሳህኑን ጠርሙስ ጓዳው ውስጥ ደበቀና፣ ማንም እንዳይወርድ አምፖሉን አላላ።»

«እናቴ አይደለችም!» አለች ሜሪት። «ሰው የሚያወራውን ሰምቻለሁ። እሷ ደብቃ አታውቅም።»

«አይደለችም። የእናትሽ ጣቶች ደህና ናቸው። አምፖሉ አሮጌ ነው፤ ለሰዓታት ሲበራ የቆየ እንዲህ ያለ አምፖል ቆንጥጦ የያዘውን ሁለት ጣት ይፈጃል። ደግሞም ያላላው ሰው አምፖሉን ይዞ አልሄደም። ሮይ ቢሆን ይወስደው ነበር።»

«እወስደው ነበር» አለ ሮይ ቀስ ብሎ።

«ሳህን ለመደበቅ ጨክኖ፣ አምፖል ለመውሰድ ያልጨከነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ።»

ኔዲን ቀኝ እጇን ከጉያዋ አወጣችና ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ሁለቱ ቁስሎች ለሁሉም ታዩ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሜሪት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «አንቺ? ለሰባ ዶላር ብለሽ?»

«ሥሩን ገልብጬ ስሙን አየሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ስትፈልገው ያየሁት ነገር እጄ ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ግን ሰባ አምስት ዶላር ብቻ ነበረኝ። ዴል አልቀንስም አለ። ጠረጴዛው ላይ ብተወው ወይ ሮይ ይወስደዋል፣ ወይ እሷ ራሷ መጥታ ትገለብጠዋለች። እኔ ልሰጣት ፈለግኩ፣ ሜሪት። እሷ ነበረች ሁልጊዜ ቁርሱን የምታመጣ፣ ቤንዚኑን የምትሞላ። እንደቸገረኝ አልነገርኳትም። አንድ ቀን እኔ ልስጣት ብዬ ነው። ቅዳሜ ልገዛው፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ...» ድምፅዋ ተሰበረ። «ከምድር ቤት ስወጣ ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አየችኝ። ምን ደበቅሽ አለችኝ። ዋሸኋት። እሷን ዋሽቻት አላውቅም ነበር።»

«ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ታውቂ ነበር?» አለች ሎይስ።

«ደረጃው ሥር ተገኘች ሲሉኝ አወቅኩ። ማታውን ሙሉ ተቀይማኝ ቦርሳዋን እንኳ ሳትወስድ ከሰው ጋር ሄደች ብዬ እኔም ተቀይሜያት ነበር። እሷ ለካ እዚያ...»

ሜሪት ወደ ግድግዳው ዞራ ቆመች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«አላለቀም» አለች ሎይስ። «ዴል የጠየቀው አለ፤ መደገፊያውን ለምን አልያዘችም? አርዲስ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የወረደችው ለምን ይመስላችኋል? ተቆጥታ ነበር፤ ግን ለዴል አልተናገረችም። የተደበቀውን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ልትመልሰው ነበር፤ ማንም ኔዲንን ሳያሳፍራት በፊት። አምፖሉ አልበራ ሲላት የተቃጠለ መሰላት፤ ቦርሳዋም ስልኳም መኪና ውስጥ ነበሩ። በዳበሳ ጓዳው ድረስ ሄደች። እዚያ ደብዛዛ መስኮት አለ። ከጠርሙሶቹ ኋላ ሳህኑን አገኘች። የተገኘ ሳህን ደግሞ አትገለብጥም ማለት ዘበት ነው።»

ኔዲን ቀና አለች።

«ለማንበብ ብርሃን አነሳት። መስተዋቱን በቀኝ እጅጌዋ ጠረገችው። የተጠረገው ቦታ ዛሬም አለ፤ አቧራው እጅጌዋ ላይ ተገኝቷል። ሳህን ለመመለስ ብቻ የሄደች ሴት መስኮት አትጠርግም። አንብባለች፣ ኔዲን። የእናቷን ስም አይታለች። ያን ስታይ አንቺ ለምን እንደደበቅሽው ለመገመት ሌላ ሰው አላስፈለጋትም።»

«አታጽናኚኝ» አለች ኔዲን። «ተዪኝ፣ አታጽናኚኝ።»

«ማስረጃ ነው የምነግርሽ። የዋጋውን ወረቀት ገንጥላ ኪሷ ከተተችው። ጠረጴዛ ላይ የሚመለስ ዕቃ ወረቀቱ አይገነጠልም። ልትገዛው ነበር። ከዚያ በሁለት እጇ አቅፋው በጨለማ ወጣች። ለዚህ ነው መደገፊያውን ያልያዘችው፤ ባዶ እጅ አልነበራትም። አርዲስ በሩ ፊት ለፊት ማን መኪና ውስጥ እንደሚጠብቃት ታውቅ ነበር። ስትወርድ ተቆጥታ ነበር፤ ስትወጣ ግን ወደ አንቺ እየመጣች ነበር።»

ኔዲን የሶፋውን ክንድ ይዛ ጎንበስ አለች። ከአፏ የወጣው ድምፅ የለቅሶም አልነበረም፤ ሮይ ሊሰማው ስላልቻለ ፊቱን ወደ ምድጃው መለሰ። ዴል በሹክሹክታ «አምላኬ» አለ።

ቆይቶ ሎይስ ማስታወሻዋን ዘጋች። «በእኔ በኩል አደጋ ነው ብዬ እጽፋለሁ። አቃቤ ሕጉም ከዚህ አልፎ የሚሄድ አይመስለኝም። የቀረው የእናንተ ነው።»

ሜሪት ከግድግዳው ዞረች። ዓይኗ አብጧል። መጥታ ከኔዲን ፊት ቆመች፤ ልትነካት እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

«አክስቴ» አለች፤ ቃሉ ከብዷት። «ልቆጣሽ እየፈለግኩ አልሆንልሽ አለኝ። ስሚኝ። ከዚህ ክፍል አይውጣ። ዴል፣ ሮይ፣ እናንተም ስሙኝ። እናቴ ደረጃ ስቷት ወደቀች፣ በቃ። ስለ አምፖል ማንም አይስማ። ማክሰኞ ትመጫለሽ፣ ከጎኔ ትቆሚያለሽ። ሰው አንቺን ሲጠቋቆምብሽ ማየት አልችልም፤ እሷንም ብቻዬን መቅበር አልችልም።»

ዴል ራሱን ነቀነቀ። ሮይም «ከእኔ አትሰሙም» አለ።

ኔዲን በመሐረብ ፊቷን ጠረገች። የለመነችው ሁሉ ይኸው ተሰጥቷታል። ተነሥታ ስትቆም ከሜሪት ትከሻ አትደርስም።

«ሮይ» አለች፣ «ሰልፉ ላይ ስለ አርዲስ ምን እያሉ ነው?»

ሮይ መሬት መሬት አየ። «ተዪው አሁን።»

«ንገራት» አለች ሎይስ።

«...ደባቂ ነበረች እያሉ ነው። ‹ሰውን ሌባ ስትል ኖራ፣ ወረቀቱ ከኪሷ ተገኘ› ይላሉ።»

«ዴልንስ?»

«ሳያይ ቆልፎባት ገደላት» አለ ዴል ራሱ።

ኔዲን ወደ ሜሪት ተመለሰች።

«የኔ ልጅ፣ ማክሰኞ እመጣለሁ። ግን ከጎንሽ አልቆምም፤ መጀመሪያ ፊት እወጣለሁ። ሳህኑን የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ አምፖሉን ያላላሁት እኔ ነኝ፣ አርዲስ በዕድሜዋ አንድም ዕቃ ደብቃ አታውቅም ብዬ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ አጠገብሽ ልቁም ወይም ወደ ቤቴ ልሂድ፣ ያን ጊዜ አንቺ ትነግሪኛለሽ።»